ከሲሚንቶው ሥር

ደሴ ባለው የአያቴ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ልቀጥል ብዬ ዛሬ የድሮውን ግድግዳ የሲሚንቶ ልስን በመሮ አነሳሁ። ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ርሷል፤ የባሕር ዛፉ ማገር ገና ስነካው እንደ ዱቄት ፈረሰ። የጽድ ቋሚዎቹን ግን ምስጥ እንኳ አልደፈራቸውም፤ ስፍቃቸው ሽታቸው ዛሬም አለ።

ጎረቤታችን አባባ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ጭቃ እኮ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ስትመርግበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል" አሉኝ።

ጥግ ላይ የጣት ፈለግ አገኘሁ። አራት ጣቶች፣ ከላይ ወደ ታች ተስበው ጭቃው ውስጥ ደርቀው የቀሩ። ያን ግድግዳ በየዓመቱ ስትለቀልቅ የኖረችው አያቴ ነበረች። ጣቶቼን በፈለጉ ላይ አሳረፍኩ፤ ጠበበኝ። እንዲህ ትንሽ እጅ እንደነበራት አላስታውስም ነበር።

ቤቱ ዘመናዊ እንዲመስል ሲሚንቶውን ያስመረግነው እኛው የልጅ ልጆቿ ነን። ስንት የወሎ ጭቃ ቤት እንዲህ ከውስጥ እየበሰበሰ ይሆን?

የገዛሁትን ሲሚንቶ ለአዲሱ ክፍል መሠረት ብቻ አደርገዋለሁ። የጤፍ ጭድ አምጥቼ ጭቃ አቡክቻለሁ፤ አባባ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይብላላ ብለዋል። ያቺን ጥግ ግን አልመርጋትም።