«ኮሽን እኮ ምንም አይደለም»

ኮሽን የብሪታንያ ፖሊስ ጥፋትህን ስታምን ፍርድ ቤት ሳያቀርብህ የሚሰጥህ ማስጠንቀቂያ ነው። ምንም አይደለም ብለው ሦስት ሰዎች ነግረውኛል፤ ያስፈረመኝ ፖሊስ፣ ለአሜሪካ ቪዛ የሄድኩበት ኤጀንሲ ሠራተኛ፣ እኔው ራሴ። ከሦስታችን የአሜሪካን ሕግ ያነበበ አልነበረም።

19 ዓመቴ እያለ ለንደን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር መናፈሻ ተቀምጠን ፖሊሶች ፈተሹንና ከኪሴ ሁለት ግራም የማይሞላ ካናቢስ ወጣ። ጣቢያ ወሰዱኝ፤ አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ። ጥፋቱን ካመንኩ በኮሽን እንደሚያልቅ፣ ፍርድ ቤት እንደማልቀርብ ነገሩኝ። ነጻ ጠበቃ ትፈልጋለህ ወይ ሲሉኝ «አያስፈልግም፣ ብቻ ልሂድ» አልኩ። ፈረምኩ። ለእራት ቤት ደረስኩ፤ ለእማዬም አውቶቡስ አምልጦኝ ነው አልኳት።

በብሪታንያ ኮሽን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። የ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) የቀድሞ ጥፋተኞች ሕግ እንደሚለው ቀላሉ ኮሽን በተሰጠበት ቅጽበት «ስፔንት» ይሆናል፣ ማለትም እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ለአብዛኛው ሥራ ስታመለክት ማንሳት አይጠበቅብህም። ይሄ እውነት ነው። ግን እዚያው ብሪታንያ ውስጥ የሚሠራ እውነት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ተማሪ እያለሁ፣ በጋውን አሜሪካ በአንድ የመዝናኛ ካምፕ ማእድ ቤት ልሠራ፣ ሥራው ሲያልቅ በምትሰጠዋ 30 ቀን ደግሞ ልዞር አሰብኩ። ቪዛው ለልውውጥ ጎብኚዎች የሚሰጠው ጄ-1 ነው። ኤጀንሲ፣ የሥራ ውል፣ ለቪዛው ብቁ ነህ የሚለው ሰነድ ዲኤስ-2019፣ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎችና የልውውጥ ጎብኚዎች መዝገብ 35 ዶላር፣ ለቪዛው 185 ዶላር። ይሄ ሁሉ ማንም የሚጨርሰው ነው። ኤጀንሲው የጠየቀኝ ቤዚክ የወንጀል ምርመራም ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ልቤን ያሳበጠው እሱ ነው።

ቀጥሎ የቪዛ ማመልከቻው፣ ዲኤስ-160 ፎርም መጣ። መጨረሻው ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ፣ ይቅርታ እንኳ ተደርጎልህ ቢሆን፣ በማንኛውም ወንጀል ተይዘህ ወይም ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ይላል። ሌላው ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕፅ የሚመለከት ሕግ ጥሰህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ሳያቅማማ፣ «ስፔንት ከሆነማ የለም ማለት ነው፤ ኖ በለው» አለኝ።

ኖ አልኩት። ሁለቱንም።

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ኤጀንሲውን መራገም እችላለሁ፤ ተራግሜዋለሁም። ነገር ግን «ተይዘህ ታውቃለህ?» ለሚል ጥያቄ መልሱን ለማወቅ የማንንም ምክር አያሻም። የፖሊስ መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የፈለግሁት ምክር ሳይሆን ለውሸቴ ተባባሪ ነበር።

ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የኤምባሲውን መመሪያ ደግሜ ሳነብ፣ ኮሽን የተሰጠው ሰው አክሮ ከሚባለው የብሪታንያ የወንጀል መዝገብ ቢሮ የፖሊስ ሰርተፊኬት ይዞ መቅረብ እንዳለበት አየሁ። አዘዝኩ። ፖስታው የመጣ ቀን ግን እኔ ቤት አልነበርኩም። እማዬ ከፈተችው። ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን፣ ፎርሙ ላይ ምን ብዬ እንደሞላሁ ስነግራት፣ «እኔንስ ዋሸኸኝ፤ ደግሞ እነሱን?» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ያን ሌሊት ተቀምጬ አነበብኩ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ክፍል 212 በዕፅ ጉዳይ የሚከለክለው የተፈረደበትን ብቻ አይደለም፤ ድርጊቱን መፈጸሙን ያመነንም ይጨምራል። ኮሽን ደግሞ ካላመንክ አይሰጥህም! እዚህ ነገሩን ያቀለለልኝ ፊርማ እዚያ የሚያከብደው እሱ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራላት፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና የያዘ ሊታለፍ ይችላል የምትለው ነገርም አትጠቅምህ፤ የተጻፈችው ለቋሚ ነዋሪነት ለሚያመለክቱ እንጂ ለእኔ ቢጤ ጊዜያዊ ሠራተኛ አይደለም። ከሁሉ የከፋው፣ ለቪዛ ብሎ ቁም ነገር የሆነ ጉዳይ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። ሁለት ግራሙ ዌቨር በሚባለው ልዩ ፈቃድ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ በላዩ ላይ ውሸት ከጨመርክበት ግን ሁለት ዕዳ አለብህ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ቆንስሏ ገና ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «ፎርሙ ላይ ሁለት መልስ ተሳስቻለሁ፣ ማስተካከል እፈልጋለሁ» አልኩ። መተየቧን አቆመች። ለምን ኖ እንዳልኩ ጠየቀችኝ። «ኤጀንሲው…» ብዬ ጀመርኩና እኔው ለራሴ አስጠላኝ። «ፈርቼ ነው» አልኩ። ቀኝ እጄን አስነሥታ አስማለችኝና ምን ያህል እንደነበር፣ ለማን እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጠቀምኩ ጠየቀችኝ። መልሶቹን አስተካከለች። ቪዛው ተከለከለ፤ ሆኖም ለዌቨር እንደምትደግፈኝ ነገረችኝ። ሐኪምም ጋ ላከችኝ። እዚያ ዋናው ጥያቄ ያለፉት 12 ወራት ናቸው፤ ካላቆምክ አትድከም።

ዌቨሩን የሚወስነው ኤምባሲው ሳይሆን አሜሪካ ያለው የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በቆንስላ በኩል ሲሄድ የተለየ ክፍያ የለውም። የሚያዩት ህራንካ ከሚባለው የ1978 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ውሳኔ ጀምሮ የታወቁ ሦስት ነገሮችን ነው፤ ብትገባ የምታደርሰው ጉዳት፣ የጥፋትህ ክብደት፣ የምትሄድበት ምክንያት። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሦስት ገጽ ሙሉ «ሁለት ግራም ብቻ እኮ ናት» የሚል ለቅሶ ነበር። ቀደድኩት። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደምሄድ። ስለ እኔ የያዙትን መዝገብ ከፖሊስ ጠይቄ አያያዝኩ፤ ይሄ በነጻ ነው፣ ማንም ግን አይነግርህም።

መልሱ በጥቅምት መጣ። ተፈቅዷል። ካምፑ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። ኤጀንሲው ቀብዱን አስቀረ፤ «ቀደም ብለው ማሳወቅ ነበረብዎት» የሚል ኢሜይልም ላከልኝ። ኢሜይሉን አልሰረዝኩትም፤ ስናደድ አነበዋለሁ።

በጥር አመልክት ይሉሃል። መዝገብ ካለብህ አትስማቸው፤ በመስከረም ጀምር። የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ ይሉሃል። እኔ ግን ቀድመህ ተናገር እላለሁ፤ ካወቁብህ በኋላ የሚመጣ እውነት ዋጋው ሌላ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ «ኖ ላይቭ ትሬስ» ስለሚል ንጹሕ ነኝ የምትል ካለህ፣ ያቺ ቃል «የቆየ ነገር አለ» ማለት እንደሆነች መስኮቱ ጋ ያሉት ያውቃሉ። ጫት ስለሆነ ችግር የለውም የምትሉ ወገኖቼም፣ ብሪታንያ ከሰኔ 24 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላዋለች፤ አሜሪካ ደግሞ ጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖንን የምትመድበው ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው። ጣቢያ ውስጥ ነጻ ጠበቃ ሲያቀርቡልህ ደግሞ እባክህ እራትህ ይቅርብህ።

በቀጣዩ ዓመት አዲስ ዲኤስ-2019 አውጥቼ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች የስ ብዬ ሄድኩ። አየር ማረፊያው ላይ ወደ ጎን ክፍል ወስደው ሁለት ሰዓት አስቀመጡኝ። መኮንኑ ወረቀቴን አገላብጦ «ምን ያህል ነበር?» አለ። ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ማኅተሙን መታ። በማግስቱ ጠዋት ካምፑ ማእድ ቤት ድንች እልጥ ነበር።