ጆሮ ያለው ቤት ይከራይ

ያለፈውን ቤቴን ያየሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደላላው «ጸጥታውን አየኸው?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ጸጥታ በዓይን የሚታይ ይመስል! በዚያ ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት እንደሆኑ አላሰብኩም። በዕለቱ ቀብድ ከፈልኩ።

በመጀመሪያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። አልጋዬ ከተጠጋበት ግድግዳ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር አለ። ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይና «ጧ» ብሎ ይቆማል፤ እንቅልፍ ሲያሸልበኝ እንደገና ይነሣል። ምድር ቤት ያለው የውሃ ፓምፕ ነው። ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፤ ንዝረቱ ግን በትራሱ በኩል ይመጣል። ወፍራም መጋረጃም ገዛሁ፤ የክፍሉን ማስተጋባት ከመቀነስ በቀር የፈየደው ነገር የለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በኮንክሪት ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚጓዝ ያነበብኩት ውሉን ከፈረምኩ በኋላ ነው። ከሕንፃው አካል ጋር በብሎን የታሰረ ሞተር ደረጃ መውጣት አያስፈልገውም።

ውሉ እስኪያልቅ ቻልኩት። በሁለተኛው ፍለጋ ደላላውን «ቤቱን ማታ 4 ሰዓት ላይ አሳየኝ» አልኩት።

«ማታ ምን ይታያል?»

«ለማየት ሳይሆን ለመስማት ነው።»

«ወንድሜ፣ የምትከራየው ቤት ነው ወይስ ሬዲዮ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም መጣ።

በገባሁበት ቤት ሁሉ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ማቀዝቀዣ ካለ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ከዚያ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ለ10 ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከጎረቤት የሚለየውን ግድግዳ በጣቴ ቋጠሮ እመታዋለሁ፤ እንደ ከበሮ ከመለሰልኝ ስስ ነውና እተወዋለሁ። የኮሪደሩን መብራት አስበርቼ በሩን ስዘጋ በሥሩ ብርሃን ከገባ ድምፅም ይገባል፤ ይህ ግን በጎማ የሚደፈን ነገር ስለሆነ ቤት አያስጥልም። በስልኬም ድምፁን እለካለሁ። ስልክ የላቦራቶሪ መሣሪያ ባይሆንም ሁለት ክፍሎችን ለማወዳደር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ቤት የማያቋርጥ ድምፅ ያስቀመጠው ወሰን 30 ዴሲቤል ነው። አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ካየኋቸው ሁለት ቤቶች መንገዱን የሚያየው 46፣ የጓሮው 32 አሳየኝ። 14 ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ የሚሰማው እጥፍ ያህል ሆኖ ነው።

የገረመኝ የጓሮው ቤት በኪራይ መርከሱ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ መስኮቱም የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ያያል። ሰው ለዕይታ ይከፍላል፤ እኔ ደግሞ ከራሴ በላይ የሚራመድ እግር አለመኖሩን ነበር የምፈልገው። ጣሪያው ላይ ፓምፕ አለመኖሩን ወጥቼ አረጋገጥኩ (እባብ ያየ በልጥ በረየ)። ቤቱ ለሁለት ወር ባዶ ቆይቷል። ለአከራዩ የነገርኳቸው ይህንኑ ሂሳብ ነው፦ አንድ ወር ባዶ የቀረ ቤት የዓመት ኪራዩን ከ8 በመቶ በላይ ያሳጣል፤ 5 በመቶ ቀንሰው የዓመት ውል ቢፈርሙ የሚያተርፉት እርስዎ ነዎት። ጥቂት አሰቡና ተስማሙ።

ከመፈረሜ በፊት ከታች ያሉትን አዛውንት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «እናቴ፣ ሌሊቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሌሊቱስ ሰላም ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ግን ርግቦቹ አያስተኙህም።»

ከገባሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። ርግቦቹ የሚጀምሩት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።