ሪድ የሌለው ሳክስፎን

ዛሬ ፒያሳ አካባቢ በምንለማመድባት ጠባብ ክፍል ጓደኛዬ ከውጭ የመጣለትን ኢዊ ሰጠኝ። አካይ የተባለ ኩባንያ የሚሠራው፣ እንደ ሳክስፎን የሚነፋ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እኔ የስንት ዓመት ሳክስፎን ነፊ ነኝና በኩራት ተቀበልሁት።

አዋረደኝ! ቁልፎቹ አይጫኑም፤ ቆዳ ሲነካቸው ብቻ ይሠራሉ። ጣቶቼን ቁልፍ ላይ ማሳረፍ ልማዴ ስለሆነ ያላሰብሁት ድምፅ ሁሉ እየወጣ ጉድ አደረገኝ። ኦክታቭ፣ ማለትም የድምፁ የከፍታ እርከን፣ የሚቀየረው በግራ አውራ ጣት ሥር በተደረደሩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ነው፤ ትንሽ ስቸኩል ሰማይ ቤት እደርሳለሁ። ሪድ፣ ማለትም በሳክስፎን አፍ ላይ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ፣ የለውም፤ የትንፋሽን ግፊት የሚለካ ዳሳሽ ነው ድምፁን የሚያጎላውና የሚያለሰልሰው።

ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ የዋሽንት ድምፅ መርጬ በትዝታ ቅኝት በቀስታ ነፋሁ። ጓደኛዬ ሻዩን አስቀምጦ ዝም አለ። (እሱ ዝም ማለት አይችልም!) ነገር ግን ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርዱት የምንሰማውን ያን ሻካራ ጉሮሮ ፈልጌ አጣሁት።

ለአንድ ሌሊት ተውሼ ቤት ወሰድሁት። በጆሮ ማዳመጫ ስለማመድ አከራዬ በሩን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ድምፅህ የጠፋው አሞህ ነው?» አሉኝ።