የእናቴ ፎቶና የጎደሉት 49 ባይቶች

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲተላለፍ አንዲት ቃል ብትረሳ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። የተሰጠኝ መመሪያ ላይም ቃሏ የለችም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ሲያርፍ የተወልን በቆርቆሮ ሳጥን የታጨቁ ኔጋቲቮች ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሁሉን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ሳጥኖቹ እዚያው ቆዩን። ያን ቀን ነው የወሰንኩት። እነዚህ ፎቶዎች በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ የለባቸውም።

ስካነር ገዛሁ። ማታ ማታ እየሠራሁ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። 6,412 ፎቶ ወጣ። ሁሉም ጄፔግ ነው፣ እያንዳንዱ 3 ሜጋባይት ገደማ፣ በድምሩ ወደ 20 ጊጋባይት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም በሰርቨሩ ላይ ላስቀምጥልሽ አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ። ከደሴ በኢንተርኔት ልልከው ሞክሬ ነበር፤ መብራቱም ኔትወርኩም እየተቆራረጠ አላስኬድ አለኝ። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን በስካርፕ ጠቅልዬ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። በዚህ ምንም አልጸጸትም። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ዲስክ ይዞ መሄድ ይሻላል። ችግሩ የመጣው ከደረስኩ በኋላ፣ የመጨረሻዋ ሃያ ሜትር ላይ ነው።

የተቋሙ ሕግ ከውጭ የመጣ ዲስክ ሰርቨሩ ላይ አይሰካም ይላል። ይህ ትክክል ነው፣ ቫይረስ አለ። ዲስኩ መጀመሪያ የሚሰካው ፋይል መቀበያ በሚሉት ኮምፒውተር ላይ ነው። ዊንዶውስ ነው። ከዚያ ወደ ሰርቨሩ በኤፍቲፒ፣ ማለትም ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ በሚያስተላልፍ ዘዴ፣ ይላካል። ሰርቨሩ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው።

እኔ ትንሽ አንብቤ ስለነበር፣ ፋይሉን እየመሰጠረ የሚልክ ሌላ መንገድ አለና፣ «በኤስኤፍቲፒ አይቻልም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። የአይቲ ኃላፊው ፖርት 22፣ ኤስኤፍቲፒ በኔትወርኩ የሚያልፍበት በር፣ ዝግ ነው አሉኝ። ለማስከፈት ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ደብዳቤው ደግሞ ኮሚቴ ይጠብቃል። «ፋይልዚላ የሚባለውን የፋይል መላኪያ ፕሮግራምስ ልጫንበት?» አልኳቸው። ፕሮግራም መጫን ክልክል ነው። «እህቴ፣ እኛ እኮ በየቀኑ በዚሁ ነው የምንልከው» አሉኝና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ስምንት ተራ ቁጥር አለው። ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት ክፈቺ፣ የሰርቨሩን አድራሻ ጻፊ፣ ስምና ፓስወርድ ስጪ፣ ፎልደሩ ውስጥ ግቢ፣ ላኪ። ተራ ቁጥር ሰባት «የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን አመሳክር» ይላል። ስምንት ደግሞ «ቅጂውን ከመቀበያው ኮምፒውተር ላይ አጥፋ»።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ቁጥሮቹ ይሮጣሉ። ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ ሰርቨሩ «226» እያለ ይመልሳል፣ ተላልፎ አልቋል ማለት ነው። 226፣ 226፣ 226። 6,412 ጊዜ። ከ10 ሰዓት በፊት አለቀ። ኃላፊው መጡና ቆጠሩ። እዚህ 6,412፣ እዚያ 6,412። አምስት ስድስት ፋይል መርጠን መጠኑን በኪሎባይት አየን። አንድ ነው። «ልክፈተውና ልየው?» ብል ሰዓት እየሄደ ነው፣ ሰኞ ደውዪ አሉ። ፈረምኩ፣ ፈረሙ። ያኔ ድርቅ ብዬ አንዱን ፎቶ ብቻ ባስከፍት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ደሴ ተመለስኩ። ሰርቨሩን እንደ ባክአፕ ቆጥሬ ዲስኩን አጸዳሁት። የሁለተኛውን ሳጥን ፎቶዎች ስካን አድርጌ ሞላሁት። ይህኛው ጥፋት የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። ሌላ ዲስክ የሚገዛ ገንዘብ አልነበረኝም፤ ግን መጠበቅ እችል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእህቴ ልጅ ሠርግ የአያቶቿን ፎቶ ፈለግን። ተቋሙ በኢሜይል ላከልኝ። ስከፍተው ከላይ አንድ ጣት የምታህል ቀጭን ምስል ትታያለች፣ ከዚያ በታች የተቆራረጠና የተበላሸ ነገር ነው። ኢሜይሉ ነው ያበላሸው ብዬ ሌላ አስላክሁ። እሱም ያው። ሦስተኛ፣ አራተኛ። አሥረኛው ላይ እግሬ ከዳኝ፣ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ምን እንደሆነ ለማወቅ አራት ቀን ፈጀብኝ። እነሆ።

ኤፍቲፒ የድሮ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ሰነድ እንደ ፈረንጆቹ በ1971 የጻፈው አብሃይ ቡሻን የሚባል በኤምአይቲ የነበረ ህንዳዊ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። ፊደል የሚጽፉበት መንገድ እንኳ ይለያያል። ስለዚህ ጽሑፍ ሲላክ ተቀባዩ በሚገባው መንገድ እየተለወጠ እንዲደርስ ተደረገ። ይህ አላላክ አስኪ ይባላል። ምንም ሳይነካ እንዳለ የሚያስተላልፈው ደግሞ ባይነሪ ነው። በ1985 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ላኪው ሌላ ካላለ አስኪ ይሁን ይላል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የኤፍቲፒ ኮማንድም በዚሁ ነው የሚጀምረው። «ባይነሪ» ብለህ ካልጻፍክለት ፎቶህን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው።

ማንኛውም ፋይል የባይቶች ሰልፍ ነው፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ የመስመር መጨረሻን በሁለት ባይት ይጽፋል፣ 13 እና 10። ሊኑክስ በ10 ብቻ። እንግዲህ በአስኪ ሲላክ ሰርቨሩ ከ10 በፊት 13 ባገኘ ቁጥር 13ቱን ይጥለዋል። ለጽሑፍ ጥሩ ነው። ፎቶ ውስጥ ግን 13 እና 10 ተከትለው ሲመጡ የመስመር መጨረሻ አይደሉም። የሰው ፊት ናቸው፣ የነጠላ ጥለት ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ ተከትለው የሚመጡት በአማካይ በ65,536 ባይት አንድ ጊዜ ነው። 3 ሜጋባይት ፎቶ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ያህል ማለት ነው። ጄፔግ ደግሞ ምስሉን አጥብቆ የሚያጨምቅ ስለሆነ አንዲት ባይት ስትጎድል ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ይናጋል። ከሦስት ሚሊዮን ሃምሳ ጎደለ። ኪሎባይት ላይ አይታይም! የቆጠርነውም፣ ያመሳከርነውም፣ የፈረምነውም ለዚህ ነው ምንም ያልያዘው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። ከመሄዴ በፊት የሁሉንም ፎቶ ስምና ትክክለኛ መጠን በባይት የያዘ ዝርዝር አውጥቼ ነበር። ለካታሎግ ብዬ ነው። ወረቀቱ ያን ዓርብ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ለኃላፊው ደወልኩ። መመሪያው ላይ ባይነሪ የሚል የለም አልኳቸው። «እኛ ጽፈን አናውቅም፣ ደህና ነው የሚሄደው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው የሚልኩት ከራሳቸው ሊኑክስ ኮምፒውተር ነው። እዚያ ያለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ተቀባዩም እንደ ሊኑክስ ያለ የዩኒክስ ዘር መሆኑን ሲያይ በራሱ ወደ ባይነሪ ይዞራል። መመሪያውን የጻፉት በራሳቸው ማሽን ላይ ሞክረው፣ እንዲሠሩበት የሰጡት ግን በዊንዶውስ ነው። በዚያ ኮምፒውተር በኩል ከእኔ በፊት የስንት ሰው ፋይል እንዳለፈ ጠየቅኩ። መልስ አላገኘሁም። ከጥፋቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ዝምታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ኋላ አወቅኩ። ፒኤንጂ የሚባለውን የምስል ዓይነት የሠሩት ሰዎች ይህን ጉድ ያውቁታል። ማንኛውም የፒኤንጂ ፋይል በእነዚህ ስምንት ቁጥሮች ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። 13 እና 10 እዚያ የገቡት ሆን ተብሎ ነው። በአስኪ ከተላከ መግቢያው ላይ ይሰበራል፣ ፋይሉ ጨርሶ አልከፈትም ይላል። ጄፔግ ይህ ጠባቂ የለውም። ግማሽ ልቡን ይከፈታል።

6,200ውን እንደገና ስካን አደረግሁ። አምስት ወር። ቀሪዎቹ 212ቱ ግን ጣራ ሲያፈስ ውሃ የገባበት ሳጥን ውስጥ የነበሩ ናቸው። ኔጋቲቮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። አላቀን አንድ ጊዜ ስካን አደረግናቸው፣ ከዚያ ተፈረፈሩ። ከእነሱ መካከል እናቴ ሳታገባ አባቴ ያነሳት ፎቶ አለ። ፎቶ ቤቱ ድረስ ለዘመድ የምትልከው ፎቶ ልትነሳ መጥታ ነው የተዋወቁት። ለእማዬ ስነግራት «ተይው የኔ ልጅ፣ ወረቀት ነው። ዋናው አንቺ ደህና ሁኚ» አለችኝ። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። ኤፍቲፒ አልጠቀምም። ፓስወርዱን ራሱ ያለ ምንም መሸፈኛ በገመዱ ላይ ነው የሚልከው፣ ያ ብቻ ለመተው ይበቃል። ክሮምና ፋየርፎክስ እንኳ በ2021 አውጥተው ጥለውታል። ኤስኤፍቲፒ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ኤስኤስኤች በሚባል የሚመሰጥር መስመር ውስጥ ያልፋል፣ ኦፕንኤስኤስኤች በሚባለው ፕሮግራም ላይ ያለው ደግሞ አስኪ የሚባል ጣጣ የለውም፣ ሁሉን እንዳለ ነው የሚያደርሰው። ብዙ ፋይል ከሆነና መስመሩ የሚቋረጥ ከሆነ አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም ይበልጣል። ሲቋረጥ የደረሱትን ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል፣ የላከውንም ፋይል ሲደርስ ራሱ ያመሳክራል። ፖርቱ ዝግ ነው ከተባልኩ ደብዳቤውን እጽፋለሁ፣ ኮሚቴውን እጠብቃለሁ። ዲስኬን ይዤ ቤቴ ተመልሼ እጠብቃለሁ።

ከኤፍቲፒ ሌላ መንገድ ካጣችሁ ግን ከመላካችሁ በፊት «ባይነሪ» ብላችሁ ጻፉ። ሰርቨሩ 200 ብሎ መለወጡን ካረጋገጠላችሁ በኋላ ላኩ። ከዚያ አንድ ፋይል ብቻ ላኩና እዚያው ክፈቱ፣ እስከ ታች ድረስ እዩት።

«ቁጥርና መጠን አመሳክር» የሚለውን አትመኑ። ማመሳከር ማለት ቼክሰም ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል (ሻ256 ብላችሁ ስታዙት)፣ ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም አለ፣ ሁለቱም ምንም ሳይጫን የሚገኙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣሉ። አንዲት ባይት ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። እኔ ዝርዝሩን ቤቴ አውጥቼ ይዤ እሄዳለሁ። ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ያወጣዋል። ካልገጠመ አልፈርምም። ሥራ አበዛሽብን የሚሉ አሉ። ይበሉ።

ተራ ቁጥር ስምንትን ደግሞ ለራሳችሁ ዲስክ አትሥሩበት። እኔ አሁን ከሁለት ቦታ ተከፍቶ ካልታየ ምንም አላጠፋም።

ለተቋሙ ደብዳቤ ጻፍኩ። መመሪያው ላይ በአራትና በአምስት መካከል አንዲት መስመር እንዲጨምሩ ነው የጠየቅኳቸው። ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ሄዶ ያንኑ ወረቀት ተሰጥቶት መጣ፣ ያው ስምንት ተራ ቁጥር።

የእናቴን ፎቶ ግን አልተውኩትም። ዝርዝሬ ላይ 3,211,904 ባይት ነው፣ ሰርቨሩ ላይ 3,211,855። የጎደለው 49 ነው። ፋይሉ ውስጥ 10 የሚል ባይት 12,500 ያህል ጊዜ አለ። ከእነዚህ የ49ኙ ፊት 13 ነበረ፣ የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም። ግን ከላይ ወደታች መሄድ ይቻላል። አንዱ 10 ፊት 13 አስገባለሁ፣ ፎቶውን ከፍቼ አያለሁ። ካልተስተካከለ አወጣውና ቀጣዩን እሞክራለሁ። አንዷን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት ሁለት መቶ ጊዜ ያህል የምሞክርበት ሌሊት አለ። ስትገኝ ምስሉ ወደታች ትንሽ ይወርዳል። መጀመሪያ አባቴ የሳለው የመጋረጃው ሰማይ መጣ። ከዚያ ጸጉሯ።

እስካሁን 16ቱን አግኝቻለሁ። ቅንድቧ ላይ ደርሻለሁ።