ለ450 ሰው ስደግስ ሥጋው ላይ የሠራሁት ስህተት

የእህቴን ሠርግ ድግስ ከቆጠራው እስከ ቅሪቱ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ፣ በጥር፣ እሑድ ምሳ። ምነው ቀድሞ የነገረኝ በኖረ የምለውን ነው የምጽፈው። ደህና ያለፈውን ቶሎ ቶሎ እላለሁ፤ ሥጋው ላይ ግን እቆያለሁ።

እንግዳ በካርድ ቁጥር አይሰላም። «ከነባለቤትዎ» ያለው ካርድ ሁለት ሰው ነው፣ «ከነቤተሰብዎ» ያለው አራት። እኛ 240 ካርድ በትነን 450 ሰው ያዝን፤ የመጣውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። እንጀራ ለሰው ሁለት፣ በላዩ ከመቶ አሥር መጠባበቂያ፣ በድምሩ አንድ ሺህ። ሌሊት ተጋግሮ ጠዋት ቀዝቅዞ ይምጣላችሁ። ትኩሱ በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሲያነሱትም ይቀደዳል።

መጠጡ ቀላል ነው። ግማሹ እንግዳ ቢራ ይጠጣል ብላችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት ያዙ፤ ሳጥኑ 24 ጠርሙስ ስለሆነ 29 ሳጥን ይበቃል። ያልተከፈተ ሳጥን መልሶ ከሚቀበል አከፋፋይ ግዙ። የአዳራሹ ውል ላይ ከውጭ የሚገባ መጠጥ ይከፈልበታል የሚል መስመር ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ተከራከሩ፤ ከፈረማችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። የጠላው ጥንስስ ከሠርጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር፤ ድፍድፉ ላይ ውሃ የሚጨመረው ግን ዓርብ ነው፣ ቸኩሎ የተበጠበጠ ጠላ እሑድን ሳያይ ይሆመጥጣል። ጠጁን 60 ሊትር ጣልን፣ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 15 ሊትር ማር 15 ኪሎ አይደለም፣ 21 ኪሎ ገደማ ነው። በኪሎ ገዝቶ በሊትር የሚለካ ሰው ጠጁ ሲቀጥንበት ማሩን ያማል።

ዶሮ ወጥን በተመለከተ እናቶች የማይወዱትን እናገራለሁ፤ ከሠርጉ ቡፌ አውጡት። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ለ450 ሰው አንዳንድ ብልት ለማድረስ 38 ዶሮ፣ 450 እንቁላል፣ ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሲሰላም 57 ኪሎ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ሽንኩርት በእጅ የሚከትፍ ሰው ስለሚጠፋ በማሽን ይፈጫል፤ የተፈጨው ውሃውን ይለቅና ቁሌቱ ሳይበስል ይውላል። ከዚያ ደግሞ ፊት የተሰለፈው ሦስት ሦስት ያነሳል። እኔ ለመልስ አስቀረሁት፤ ለ60 ሰው ስድስት ዶሮ፣ ከድስቱ ጎን አሳላፊ አቁሜ። ታላላቆቹ ግን እስከ ዛሬ አልተዉኝም። የመልሱን ቀን ስትቆርጡም ረቡዕንና ዓርብን ራቁ፣ ጾም ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ከሆነ ግን እነሱም ይፈሰክባቸዋል።

ለሙስሊም እንግዶች ሥጋውን መለየት ብቻ አይበቃም፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ጭልፋውም ለብቻ ነው፣ አራጁም አብሳዩም ከእነሱ ወገን። ለ40 ሰው ሁለት በግ ከሙስሊም አብሳይ አዘዝኩ፣ ከነዕቃው መጣ፣ በተለየ ጥግ ተቀመጠ። በዚህ በኩል የሚቆጨኝ ነገር የለም። የጾም ምግብም ማንም ባይጾም አዘጋጁ፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በዘይት ይሠራ፣ ጎመኑ ላይ ቅቤ የምትጨምር ባልቴት እንዳትቀድማችሁ ጠብቁ።

አሁን ወደ ሥጋው።

ሒሳቤ ልክ ነበር። ለሰው 300 ግራም አጥንት የሌለው ሥጋ፣ 135 ኪሎ። በቁም 350 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ሲታረድና ሲገፈፍ ግማሹ ያህል ይቀራል፣ አጥንቱ ሲወጣ 120 ኪሎ ገደማ። ለጎደለው ሁለት በግ ለአልጫ ጨመርኩ። ሽንጡና ዳቢቱ ለቁርጥ፣ ታፋው ለክትፎ፣ ሌላው ለጥብስና ለቀይ ወጥ። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም።

ያልጻፍኩት ሰዓቱን ነው። ሥጋ አቅራቢው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይታረዳል፣ አንድ ሙሉ ቀን ተሰቅሎ ይደርቃል አለኝ። «አታስብ» አለኝ። ይህን ቃል ከአቅራቢ ስትሰሙ ማሰብ ጀምሩ። በሬው የታረደው ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። 4 ሰዓት ላይ በአይሱዙ ሲደርስ አራት ቦታ የተከፈለው ሥጋ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ ሸራ ተሸፍኖበታል፣ ሸራው ሲነሳ እንፋሎቱ ይታያል። አዳራሹ ደግሞ ወጥ ቤቱን የሚከፍተው እሑድ ጠዋት ነው፣ ቅዳሜ ማታ ፍሪጅ የለም፣ ኃላፊው ስልክ አያነሳም። እኛ ምን አደረግን? አቧራ እንዳይነካው፣ ድመት እንዳይደርስበት ብለን በሦስት ትልልቅ ሳፋ ከምረን በላስቲክ ሸፈንነው። ውጭ የጥር ብርድ አለ፣ ነፃ ፍሪጅ፤ እኛ ሥጋውን እንደ አራስ ጠቀለልነው።

እሑድ 3 ሰዓት ላይ ቆራጩ ታፋውን ሲከፍት የላዩ ሥጋ ቀይና ንጹሕ ነው። ቢላዋው የዳሌው አጥንት ጋ ሲደርስ ግን ሽታው ወጣ፤ ኮምጣጣ ሽታ፣ አጥንቱን የከበበው ሥጋ አመድማ፣ ቦታ ቦታ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከብት ሲታረድ የሰውነቱ ሙቀት ወዲያው አይጠፋም፤ ታፋ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀዘቅዘው። ሲከመርና ሲሸፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ተህዋስያኑ ከአጥንቱ ሥር ይራባሉ። ላዩን አይቶ፣ ላዩን አሽትቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

አንዳንዱ ሚጥሚጣና ቅቤ አብዝተን ለብለብ እናድርገው አለ። ወጥ ሠሪዋ እማማ አንዷን ቁራጭ ከአፍንጫቸው አስጠግተው «ይሄ ለውሻም አይሆንም» ብለው ከነትሪው ወደ ውጭ ገፉት። ልክ ነበሩ። ሽታው ሲበስል አይጠፋም፣ ከታፈነ ሥጋ የሚመጣ ሕመምም እሳት ስለነካው ብቻ ይቀራል ተብሎ አይታመንም። ወደ 25 ኪሎ ጣልን። ክትፎው የሚወጣው ከታፋ ስለሆነ የክትፎው ጠረጴዛ ገና በ8 ሰዓት ተዘጋ። ለማካካሻ ከሥጋ ቤት በእሑድ ጠዋት ዋጋ ገዛን። ሽንጡ ስስ ስለሆነ ቀዝቅዞ ነበር፣ ቁርጡ ተረፈ። የተናደድኩት በአቅራቢው ቢሆንም ሳፋውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እንደገና ብደግስ የማደርገው ይህ ነው። በሬው ከገበያ ተነድቶ በመጣበት ቀን አይታረድም፤ የደከመና የተጨነቀ ከብት ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። አንድ ሌሊት ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ድርቆሹ ይከልከል። ቅዳሜ ረፋድ ይታረድ። አራቱ ክፍል በገመድ ይሰቀል፣ በመካከላቸው እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር፣ ላስቲክ አይንካቸው፤ አቧራ ከፈራችሁ ሳሳ ያለ ነጠላ ጨርቅ ይበቃል። መዘግየቱ አይቀርም ከተባለ ደግሞ ታፋውን በዚያው ሌሊት እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት፣ አጥንቱን አውጡት፣ በሰፊው ዘርግታችሁ ነፋስ ይግባበት። ቆራጩ ቅርጹ ይበላሻል ብሎ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ከተማ ውስጥ እርድ በቄራ ይሁን ነው የሚባለው። ቁርጥና ክትፎ ካላችሁ እኔም እስማማለሁ፣ ሥጋው ስለሚመረመር። ሁሉንም ለወጥና ለጥብስ ከሆነ የምታበስሉት ግን ግቢ ውስጥ አርዶ ሰዓቱን ራስ መቆጣጠር ይሻላል ባይ ነኝ። ግቢ ታርዶ ጥሬ የሚበላ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይቆረጥ፤ ኮሶ ያለበት ከብት ምላሱ፣ ልቡ፣ የመንጋጋውና የትከሻው ሥጋ ውስጥ ሩዝ የሚያህል ነጭ ፍሬ ይገኝበታል። ሐኪሞች ጥሬውን ጨርሶ ተዉት ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን ለአጎቶቼ የሚነግር ግን እኔ አይደለሁም።

ከአቅራቢው ጋር የምትዋዋሉት ወረቀት ላይ ኪሎና ዋጋ ብቻ አትጻፉ። የሚታረድበት ሰዓት፣ የሚሰቀልበት ቦታ፣ የሚደርስበት ሰዓት ይጻፍ። ግማሹን ገንዘብ አስቀሩ፤ የሚከፈለው ሥጋው ሲራገፍ አይደለም። ታፋውን አስሰንጥቃችሁ እጃችሁን እስከ አጥንቱ አስገቡ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ክፈሉ።