በጥፍር የተያዘች ስንጥቅ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ኮሎራዶ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። የቫኑን የኋላ በር ስከፍት የውሃው ጎማ እንደ ዱላ ደርቋል። ምንጣፍ ለማጠብ ሁለት ቤት ቀጠሮ አለኝ።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ለቆዩት ጋሼ ደወልኩ።

«ማታ ውሃውን አፍስሰኸዋል?»

«ሮቶውን፣ አዎ።»

«ፓምፑንስ?»

ዝም አልኩ።

«በል እንዳታስነሳው፣ መጣሁ።»

መጥተው ፓምፑን ፈቱት። የናሱን ጭንቅላት ወደ ብርሃን ያዙና «እስኪ ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉኝ። ስንጥቋ በዓይን የፀጉር ያህል እንኳ አትታይም። ጥፍሬ ግን ያዛት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ውስጥ የቀረች አንዲት ስኒ ውሃ ናስ ትሰነጥቃለች።

ከዚያ ቁጭ ብለው አሳዩኝ። መጀመሪያ ጎማውን በኮምፕሬሰር አየር ንፋ። ቀጥሎ ሮዙን አንቱፍሪዝ፣ ማለትም በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከለውን ፈሳሽ፣ በፓምፑ አሳልፍ፣ በሌላው ጫፍ ሮዝ ሆኖ እስኪወጣ። የመኪናውን አንቱፍሪዝ ግን እንዳትነካው፣ አብዛኛው መርዝ ነው፤ የሰው ምንጣፍ ላይ ልጅ ይድሃል።

አዲስ አበባ ብርድ ማለት ጋቢ ደረብ አድርገን የምናልፈው ነገር ነበር። ብረት ይሰብራል ብሎ የነገረን የለም። ዛሬ ማታ ስንቱ ወንድሜ ፓምፑን ውሃ እንደሞላ አቁሞ ተኝቶ ይሆን? ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ጋሼ ትርፍ ፓምፓቸውን ገጥመውልኝ ሄዱ። «ብርዱ ሲያልፍ ትመልስልኛለህ» አሉኝ። አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ወርጄ አየሁት፤ ሮዝ ነው።