ማዕከሉ ከማዕከሉ በላይ ይገኛል

በትርጉም ሥራ ስድስተኛ ዓመቴን በያዝሁበት ወቅት፣ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ሥልጠና የተዘጋጀ አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። መመሪያው አጭር፣ ቋንቋውም ቀላል ስለነበር ከቀነ ቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሜ አስረከብሁ። ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉን እንዲያርሙ የተመደቡት የሥነ ምድር ባለሙያ ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ገጹን ወደ እኔ አዙረው «እስቲ ይህችን መስመር ድምፅህን አሰምተህ አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብሁ፤ «ማዕከሉ ከማዕከሉ በቀጥታ በላይ ይገኛል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ከማዕከሉ 30 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ከተማ ከማዕከሉ 50 ኪሎ ሜትር ትርቃለች» የሚል ነበር። ሁለቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከማስረከቤ በፊትም ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ደጋግሜ አይቼ አልፌያቸዋለሁ።

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በዚህ ቦታ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀም ነበር። «ሃይፖሴንተር» ከምድር ገጽ በታች፣ ዓለቱ መሰንጠቅና መንሸራተት የጀመረበት ነጥብ ነው፤ «ኤፒሴንተር» ደግሞ ከዚያ ነጥብ ቀጥታ ሽቅብ ቢወጣ የሚገኘው የምድር ገጽ ላይ ያለው ነጥብ ነው። በግሪክኛ «ሃይፖ» ከሥር፣ «ኤፒ» ከላይ ማለት ነው፤ ልዩነቱን የተሸከሙት እነዚህ ቅጥያዎች ሲሆኑ እኔ ሁለቱንም ጥዬ ግንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ። ባለሙያው እርሳስ አንሥተው ሦስት መስመር ሣሉልኝ፦ ከገጹ ወደ ታች 40 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ በገጹ ላይ እስከ ከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከጥልቁ ነጥብ እስከ ከተማዋ ደግሞ በሰያፍ 50 ኪሎ ሜትር። «ጥልቀቱን ከሰረዝህበት የነውጡን ግማሽ ታሪክ ሰረዝህበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሥነ ምድር ሰዎች እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ጥልቀት የሌለው፣ እስከ 300 ያለውን መካከለኛ፣ ከዚያ አልፎ እስከ 700 ገደማ የሚወርደውን ጥልቅ ይሉታል፤ መጠኑ እኩል ቢሆንም ለገጹ የቀረበው መንቀጥቀጥ ከላዩ ያለውን ሕንፃ ይበልጥ ይጎዳል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አሰብሁ። «ኤፒሴንተር»ን የማውቀው ከዜና ነበር፤ የወረርሽኝ ኤፒሴንተር፣ የቀውስ ኤፒሴንተር ሲባል ጉዳዩ የከፋበትን ቦታ ማለት ስለሆነ «ማዕከል» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል። ቃሉን በተውሶ ትርጉሙ ለምጄው ስለነበር፣ በተወለደበት ሙያ ውስጥ ሳገኘው አላወቅሁትም።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ምክንያትም እንዳለ በኋላ ተረዳሁ። የእንግሊዝኛው «ሴንተር» በላቲን በኩል የመጣው «ኬንትሮን» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው፤ ይህም ሹል ነገር፣ መውጊያ ማለት ሲሆን ክብ በሚሠራበት ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ የሚቆመውን የኮምፓስ እግርም ያመለክታል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ቃል ከሥሩ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ነው። የእኛ «ማዕከል» ግን ከግዕዝ «ማእከል» የመጣ የ«መካከል» ወንድም ነው፤ በሁለት ነገሮች መሀል ያለውን ስፍራ ሁሉ ያቅፋል። «በመካከላችን» ስንል የምንጠቁማት ነጥብ የለችም። ይህ ስፋት የቃላችን ሀብት ነው፤ ነገር ግን ነጥብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲመጣ ተርጓሚው ቆም ብሎ ነጥቧ የት እንዳለች፣ ነገሩም ከነጥቧ አንጻር የት እንደቆመ መጠየቅ ነበረበት፤ በላይዋ ነው፣ በሥሯ ነው፣ ወደ እርሷ ይሄዳል ወይስ ከእርሷ ይሸሻል?

ይህን ጥያቄ ይዤ የቀደሙ ሥራዎቼን ማገላበጥ ጀመርሁ። በፍለጋው «ፐርሰንት» እና «ሴንቲ ሜትር»ም አብረው መጡ፤ እነርሱ ከላቲኑ «ኬንቱም»፣ ማለትም ከመቶ የተገኙ ናቸውና ተውኋቸው። «ኑክሌየስ»ን «አስኳል» ያልሁበትን ሳይ ደስ አለኝ፤ ላቲኑ ከለውዝ ፍሬ፣ አማርኛው ከዕንቁላል ቢነሣም ሁለቱም የተሸፈነ እምብርት ያሳያሉ።

የደነገጥሁት አንድ የውኃ ማሽን ጥገና መመሪያ ላይ ስደርስ ነው። «ሴንትሪፉጋል ፓምፕ»ን «ማዕከላዊ ፓምፕ» ብዬዋለሁ። አንባቢው ሕንፃውን ሁሉ የሚያገለግል አንድ ዋና ፓምፕ መስሎት ሊፈልገው ይችላል። ቃሉ ግን ማዕከልን የሚሸሽ ማለት ነው፤ «ፉጌሬ» በላቲን መሸሽ ነውና። ውኃው በሚሽከረከረው ባለ ክንፍ አካል መሀል ይገባል፣ ሽክርክሪቱም ወደ ጠርዝ ይወረውረዋል፤ የፓምፑ ሥራ በሙሉ በስሙ ውስጥ ተጽፎ ሳለ እኔ ገልብጬዋለሁ። «ሴንትሪፔታል» የሚለውን ተቃራኒ ቃል ያወጣው ኒውተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው ወደ ማዕከል የሚስበውን ኃይል በዚህ ስም ጠርቶታል። በዚያው መመሪያ «ኤክሰንትሪክ ዲስክ» በእኔ አማርኛ «ያልተለመደ ዲስክ» ሆኖ አገኘሁት። ቃሉ ለሰው ጠባይ ከመዋሉ በፊት ከማዕከል የወጣ ማለት ነበር፤ የጥንት ሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማዕከሉ ምድር ያልሆነውን ክብ የሚጠሩበት ስም ነው። በማሽኑ ላይም ዲስኩ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሆን ተብሎ ከመሀሉ ፈቀቅ ብሎ የተበሳ ነው፤ ሽክርክሪትን ወደ ምልልስ እንቅስቃሴ የሚለውጠውም በዚህ ምክንያት ነው። «ያልተለመደ» የሚለውን ያነበበ መካኒክ ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ሊቀይረው ይችል ነበር።

ከባለሙያው ጋር ተቀምጠን የመሬት መንቀጥቀጡን መመሪያ እንደገና አቃናነው። ከታች ያለውን «መነሻ ነጥብ»፣ በላይ ያለውን «ገጸ ማዕከል» አልን፤ የሣሉት ሦስት መስመርም ከዐረፍተ ነገሩ ጎን እንዲገባ ለመንኋቸውና ፈቀዱ። የፓምፑ መመሪያ ግን ታትሞ ለጠጋኞች ደርሶ ነበር። ስሕተቱን ዘርዝሬ ላሠሩኝ ሰዎች በደብዳቤ አሳወቅሁ፣ ማረሚያውንም ያለ ክፍያ አዘጋጀሁ፤ «ማዕከላዊ ፓምፕ» በሚለው ፈንታ «ከማዕከል ወርዋሪ ፓምፕ» የሚለው አንድ ገጽ ተባዝቶ በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ተለጠፈ።